ሰንሰለቱ የት ይታሰር?

ክረምት ሲገባ የዋልካ አፈር መንገድ ለአሽከርካሪ ፈተና ነው። ማዳበሪያ ጭኖ ወደ ቀበሌ የሚገባ አይሱዙ ጎማው ጭቃ ውስጥ ሲሰምጥ በመጀመሪያ የሚታሰበው በአካባቢው ያለ ትራክተር ነው። ትራክተሩ ተጠርቶ ይመጣል፤ ረዳቱ ሰንሰለት ይዞ ይወርዳል፤ የመንደሩ ወጣት ለመግፋትም ለማየትም ይሰበሰባል። ብዙ ጊዜ መኪናው ይወጣል፤ ሁሉም ወደ ሥራው ይመለሳል። አንዳንዴ ግን የትራክተሩ የፊት ጎማ ከመሬት ብድግ ይላል። ያን ጊዜ አሽከርካሪው ፍሪሲዮን ረግጦ ለማዳን ያለው ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ነው።

በሌሎች አገሮች ይኸው ሥራ ስፖርት ሆኗል። በአሜሪካ በየገጠሩ በሚዘጋጁ የግብርና ትርኢቶች ላይ ገበሬዎች ትራክተራቸውን ይዘው ለጉተታ ውድድር ይቀርባሉ። በኔዘርላንድና በሌሎች የአውሮፓ አገሮችም የተለመደ ነው። ጨዋታው ለእኛ ገበሬ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። የውድድሩ የደህንነት ደንብ ግን ከእኛ ጭቃ ጋር ቀጥተኛ ዝምድና አለው፤ ሁለቱም ቦታ የሚገለብጠው ኃይል አንድ ነውና።

ተወዳዳሪው ትራክተር የሚጎትተው በልዩ ሁኔታ የተሠራ ከባድ ተጎታች ነው። ከኋላ ጎማ አለው፤ ፊቱ ግን መሬት ላይ የሚንሸራተት ሰፊ ብረት ነው። በላዩ ያለው የክብደት ሣጥን ትራክተሩ በተጓዘ ቁጥር ከኋላ ወደ ፊት እየመጣ ብረቱን ወደ መሬት ይጫነዋል። ስለዚህ ጭነቱ በየሜትሩ ይከብዳል። አብዛኛው ተወዳዳሪ መንገድ ላይ ይቆማል፤ በአሜሪካ 91 ሜትር ገደማ፣ በአውሮፓ 100 ሜትር የጎተተ ሙሉ ርቀቱን ጨረሰ ይባላል።

ይህ መሣሪያ ከመምጣቱ በፊት ክብደቱ ሰው ነበር። በመስመሩ ዳር በየርቀቱ የቆሙ ሰዎች ተጎታቹ በአጠገባቸው ሲያልፍ እየዘለሉ ይወጡበት ነበር። የትራክተሮች ጉልበትና ፍጥነት ሲጨምር ይህ አሠራር የሚያስከትለው አደጋ ግልጽ ነው። ደንቡም ከቦታ ቦታ ይለያይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 የስምንት የአሜሪካ ግዛቶች ተወካዮች ተሰባስበው ወጥ ደንብ አወጡ፤ ብሔራዊ የትራክተር ጎታቾች ማኅበርም በዚሁ ተመሠረተ።

ከደንቦቹ ሁሉ ለእኛ የሚጠቅመው የማሰሪያው ከፍታ ነው። በብዙ የውድድር ዘርፎች ሰንሰለቱ የሚያያዝበት ቦታ ከመሬት ከ50 ሴንቲ ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ ይለካል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። የኋላ ጎማዎች ተይዘው መዞር ሲያቅታቸው የሞተሩ ጉልበት ዝም ብሎ አይጠፋም። ጎማውን ማዞር ካልቻለ የትራክተሩን አካል በጎማው ዙሪያ ያዞራል፤ ማለትም ፊቱን ወደ ላይ ያነሳል። ሰንሰለቱ ከኋላ አክስል በታች ባለው መጎተቻ ላይ ከታሰረ የጭነቱ ክብደት ይህን መነሳት ይገታዋል። በአክስሉ ላይ ወይም ከዚያ በላይ፣ ለምሳሌ በማረሻ ማንሻው የላይኛ ክንድ ላይ ከታሰረ ግን ጭነቱ ራሱ ትራክተሩን ወደ ኋላ ይስበዋል። ፊቱ ከተነሳ በሦስት አራተኛ ሰከንድ ውስጥ መመለስ ወደማይቻልበት ደረጃ ይደርሳል። በአንድ ሰከንድ ተኩል ደግሞ ትራክተሩ በአሽከርካሪው ላይ ሊገለበጥ ይችላል።

ትራክተሩ ራሱ ሲያዝም ነገሩ ያው ነው። ከኋላ ጎማው ፊት ትልቅ ድንጋይ መወተፍ ወይም ግንድ ከጎማው ጋር ማሰር በየቦታው እንደ ብልሃት ይቆጠራል። በእርግጥም ጎማውን ይይዘዋል፤ አደጋው ያለው ግን እዚያው መያዙ ላይ ነው። ጭቃውን ቆፍሮ በኋላ ማርሽ መውጣት ይሻላል።

በውድድር ሜዳ ጉልበታቸው የጨመረ ትራክተሮች ከኋላ ፊቱ ሲነሳ የሚደግፍ ጠንካራ ብረት ይገጠምላቸዋል። ከተጎታቹ ጋር የተያያዘ የማጥፊያ ገመድም አለ፤ ሰንሰለቱ ቢበጠስና ትራክተሩ ቢፈተለክ ገመዱ ተስቦ ሞተሩን ያጠፋል። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን በኤሌክትሪክ ብልጭታ ስለማይሠራ የሚዘጋው የአየር መግቢያው ነው። ይህ ለእርሻ ትራክተር አያስፈልግም፤ ስለ ሰንሰለት መበጠስ የሚናገረው ግን ለሁላችንም ነው። የተወጠረ የብረት ገመድ ሲበጠስ እንደ ጅራፍ ይገረፋል። የናይለን ገመድ ደግሞ እንደ ላስቲክ ስለሚለጠጥ መንጠቆውን እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ሊወረውረው ይችላል። ስለዚህ ተመልካቹ ቢያንስ የገመዱን ርዝመት እጥፍ ያህል መራቅ አለበት። ላላ ያለ ሰንሰለት ይዞ ተንደርድሮ መንጨቅም አይገባም፤ ቀስ ብሎ ማወጠር፣ ከዚያ መሳብ ነው።

ተመልካች የት ይቁም የሚለው ጥያቄ በሠለጠነው ዓለምም ዋጋ አስከፍሏል። እ.ኤ.አ. መስከረም 28 ቀን 2014 በኔዘርላንድ ሃክስበርገን ከተማ በተካሄደ የትልልቅ ጎማ መኪና ትርኢት ላይ መኪናው ወደ ሕዝቡ ገብቶ ሦስት ሰዎች ሞተዋል። ያ የጉተታ ውድድር አልነበረም፤ ነገር ግን ሰው በተሽከርካሪው አቅጣጫ ቆሞ ነበር። የአገሪቱ የደህንነት ቦርድ ባደረገው ምርመራ አዘጋጁን ብቻ ሳይሆን ፈቃድ የሰጠውን የከተማ አስተዳደርም ተችቷል።

ከውድድሩ ደንብ አንዱ ምንም ወጪ የለውም፤ ባንዲራ ያዥ ነው። እሱ አረንጓዴ ሳያሳይ ማንም አይንቀሳቀስም፤ ቀይ ሲያሳይ ሁሉም ይቆማል። በእኛ ጭቃ ዳር ግን አሥር ሰው በአንድ ጊዜ “ሂድ! ጨምር!” ይላል። የመኪናው ባለቤት ቸኩሏል፤ የትራክተሩ ባለቤትም ወደ እርሻው መመለስ ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ ቅጥር የሆነው አሽከርካሪ በዚህ መሀል እምቢ ለማለት አቅም የለውም። ምልክት የሚሰጥ አንድ ሰው አስቀድሞ ቢመረጥና ሌላው ዝም ቢል ብዙ ነገር ይቀየር ነበር።

ሌላው የመገልበጥ መከላከያ ብረት ነው። ስዊድን አዳዲስ ትራክተሮች ይህን እንዲይዙ ያስገደደችው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ በመገልበጥ የሚደርሰው ሞትም በዓመታት ውስጥ እጅግ ቀንሷል። ብረቱ የሚያድነው ከደህንነት ቀበቶ ጋር ነው፤ ብረት በሌለው ትራክተር ላይ ግን ቀበቶ ማሰር አይመከርም፤ አሽከርካሪው ዘሎ የማምለጥ ዕድል እንዳያጣ። በቆላው አካባቢ ለፀሐይ ተብሎ የሚበየደው የቆርቆሮ ጥላ መከላከያ አይደለም፤ ክብደቱን አይችልም። ታጣፊ ብረት ያለውም ዝቅተኛ መጠለያ ውስጥ ለመግባት ታጥፎ በዚያው ይረሳል።

በውድድር ጊዜ ትራክተሩ ላይ የሚወጣው አሽከርካሪው ብቻ ነው። በእኛ ዘንድ በጭቃ ጎማ መሸፈኛው ላይ ሁለትና ሦስት ሰው ይቀመጣል፤ “ክብደት ይሆናል” ተብሎ። ክብደቱን የሚፈልገው ግን ፊቱ ነው። አይሱዙው 50 ኩንታል ማዳበሪያ ጭኖ ከሆነ ደግሞ ሰንሰለት ከመፈለግ በፊት ግማሹን ማራገፍ ይቻላል፤ የተሰበሰበው ወጣት ለዚያም ይበቃል።