ታክሲ የሠራችውን ግዙ

ድሬዳዋ ውስጥ አሮጌ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ጋራዥ ሲመጣ የመጀመሪያ ቃሉ «ታክሲ ያልሠራች ፈልግልኝ» ነው። ለቪትዝ ወይም ለኮሮላ ምክሩ ያስኬዳል። ለፔጆ 404 ግን እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው።

ይህች መኪና ለገበያ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው፤ መልኳን የነደፈው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው። በዓይን ሲያዩዋት ጨዋ የቤተሰብ መኪና ትመስላለች፤ ግን የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፋለች። በ1963ቱና በ1968ቱ ውድድር ጭቃውን አልፈው መጨረሻ የደረሱት ሰባት ሰባት መኪኖች ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱንም ጊዜ የቀደመችው 404 ናት። ድሬና ሐረር ደግሞ ሰማያዊና ነጭ ቀብተው ለአሥርት ዓመታት ታክሲ አሠሯት። አሁን ሥራውን ባጃጅ ወስዶባታል። ፈላጊዋም ተለውጧል፦ አባቱ ሲነዳት ያደገ ጎልማሳ፣ ለሠርግ አጀብ የሚፈልጋት ወጣት፣ ከውጭ ሲመጣ የሚነዳት የድሬ ልጅ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር የግል መኪና እንዳይገባ ስለከለከለ፣ አገር ውስጥ ያለ አሮጌ መኪና ሁሉ ዋጋው ከፍ ብሏል።

ታዲያ ደላላው ከዚራ አንድ ግቢ ውስጥ ዛፍ ሥር የቆመች አንጸባራቂ ፔጆ ያሳያችኋል። «አቦ፣ ይቺ እኮ አልተነዳችም! ስንት ዓመቷ ቆማ!» ይላል። ማመስገኑ ነው። እኔ ግን ያን ስሰማ ዋጋውን በልቤ መቀነስ እጀምራለሁ።

በድሬ ሙቀት መቆም ይጎዳታል። ቤንዚኑ ይተንና ካርቡራተሩ ውስጥ ሙጫ ትቶ ይሄዳል። የፍሬኑ ጎሚኒ ይደርቃል፤ ፍሬኑም ይነክሳል። ከሁሉ የሚከፋው ሞተሩ ውስጥ ያለው ነው። የ404 ሲሊንደሮች ከብሎኩ ጋር አንድ ላይ የተሠሩ አይደሉም፤ እንደ እጅጌ ለየብቻ የሚገቡና የሚወጡ ናቸው፤ ዙሪያቸውን የሚያቀዘቅዛቸው ውኃ በቀጥታ ይነካቸዋል። ሞተሩ ባረጀ ጊዜ ብሎኩን ሳይጥሉ እነሱን ብቻ መቀየር ስለሚቻል የመኪናዋ የረጅም ዕድሜ ምሥጢር ይኸው ነው። ዳሩ ግን ለዓመታት ሳይነቃነቅ የቆየ ውኃ ብረቱን ያዝገዋል፤ ከሥር ያለው ማሸጊያም ይበሰብሳል። ከዚያ ውኃው ወደ ዘይት ቋት ይወርዳል። ታክሲዋ ግን ስትሠራ የከረመች ናት። ጠዋት ጠዋት ትሞቃለች፣ ዘይቷ ይዘዋወራል፤ አንድ ነገር ሲንኳኳ ሾፌሩ እንጀራው ስለሆነ በዚያው ቀን ጋራዥ ያደርሳታል።

«ታዲያ ታክሲዋ በጥገና የተጣጠፈች አይደለች?» የሚለኝ አይጠፋም። ናት። ጥያቄው የትኛው ጥገና ነው የሚለው ነው። ፋብሪካው የራዲያተሩን ቬንቲሌተር ውኃው ሲግል ብቻ በኤሌክትሮማግኔት እንዲያዝና እንዲዞር አድርጎ ነበር የሠራው። የእኛ መካኒኮች መቆጣጠሪያው ሲበላሽ በቡሎን አስረው ሁልጊዜ ያዞሩታል። ትንሽ ቤንዚን ያስበላል፤ ለድሬ ግን ደግ ሥራ ነው። ቶርኖ ቤት የተቀረጸ ቡሽም አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ዲፈረንሻሉ ነው። የ404 ዲፈረንሻል በጠመዝማዛ ብረት የሚዞር የነሐስ ጥርስ ነው፤ ያገኙትን የማርሽ ዘይት ከሞሉበት አንዳንዱ ዘይት ነሐሱን ይበላዋል። ጤነኛው ድምፅ የለውም። ከኋላ ማጉረምረም ከሰማችሁ ዕቃው አልቋል፤ ምትኩን ደግሞ የምታገኙት ከሌላ የሞተች ፔጆ ላይ ነው።

ስንፈትሽ እንዲህ እናደርጋለን። ሻጩ ሳያሞቃት በጠዋት ሂዱ። ኮፋኖውን ከፍታችሁ እጃችሁን ሞተሩ ላይ አሳርፉ፤ ለብ ካለ አስነሥቷት ነበር፣ ለምን እንደሆነ ጠይቁት። የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ፤ ውኃው ላይ ዘይት እንዳይንሳፈፍ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ምዘዙ፤ የወጣው ማኪያቶ ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል፣ አመስግናችሁ ውጡ። ማግኔት ይዛችሁ በሮቹን ከታች በኩል ዳስሱ፤ የማይዝበት ቦታ ላሜራው ተበልቶ በስቱኮ የተሞላ ነው። በመጨረሻ ወደ ደንገጎ አቀበት ውሰዷት። ከድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ተነሥቶ እስከ 2,000 ሜትር ገደማ የሚወጣ መንገድ ስለሆነ አይዋሽም። ዓይናችሁ መልክዓ ምድሩን ትቶ የሙቀት መለኪያው ላይ ይሁን። ቴስታታዋ አሉሚኒየም ስለሆነ አንድ ጊዜ ክፉኛ ከጋለች ይጣመማል፤ የተጣመመ ቴስታታም ዳገት ላይ ራሱን ያጋልጣል። ስትመለሱ አጥፏት፣ ሻይ ጠጡ፣ እንደገና አስነሡ። በሙቀት አልነሣም ካለች ቤንዚኑ መስመር ውስጥ እየተነነ ነው፤ ይህ መላ አለው፣ ዋጋ ለመከራከሪያ ግን ይበቃል።

ከብሩ በፊት ሊብሬውን ከመኪናዋ ጋር አስተያዩ። በዕድሜዋ ሞተር የቀየረች ፔጆ ብዙ ናት። የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር ከሊብሬው ካልገጠመ ስም ማዛወሩም ዓመታዊ ምርመራውም ያስቸግራል፤ ያለ ምርመራ ደግሞ ቦሎ የለም።

ቀለሟ የደበዘዘ፣ ወንበሯ የተቀደደ፣ ሾፌሯ ግን ሕመሟን አንድ በአንድ የሚነግራችሁን ግዙ። ሾፌሩን ስልኩን ተቀበሉት፤ ከየትኛውም ዋስትና ይሻላችኋል። ካንጸባረቀችው የተረፋችሁን ብር ለራዲያተሩ፣ ለፍሬኑና ለመለዋወጫ መድቡ። ከዚያ በየሳምንቱ ንዷት። ለመንዳት ጊዜ የሌላችሁ ከሆነ ግን አትግዟት፤ ግቢያችሁ ውስጥ አቁማችሁ ለሚቀጥለው ደላላ ሌላ «ያልተነዳች» ነው የምታዘጋጁለት።