ሩቁን የሚያቀርብ የኪስ ካሜራ

የዩጋንዳ ዋና ከተማ ካምፓላ በአምስት የአስተዳደር ክፍሎች የተከፈለች ናት። ከአምስቱ አንዱ በስተ ምሥራቅ የሚገኘው ናካዋ ነው። ወደ ጂንጃ የሚያመራው አውራ ጎዳና በናካዋ መካከል ያልፋል፤ በጎዳናው ዳር ሰፊ ገበያ አለ፤ ከገበያው ወዲያ ባለው ኮረብታ ላይ የክያምቦጎ ዩኒቨርሲቲ ይታያል። ምድሩ ወደ ደቡብ እየተንዠረገገ ሄዶ በሉዚራና በፖርት ቤል በኩል ከቪክቶሪያ ሐይቅ ጋር ይገናኛል። በዚህች ከተማ ቀና ብሎ የሚመለከት ሰው በረጃጅም ዛፎች ጫፍ ላይ ቆመው ከተማውን እንደ ዘበኛ የሚቃኙ ትልልቅ ወፎች ያያል። ዩጋንዳውያን ካሎሊ ይሏቸዋል፤ በኢትዮጵያ ስማቸው አባ ኮዳ ነው።

አባ ኮዳ ሲቆም ቁመቱ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል፤ ክንፉን ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። ራሱ ላባ የለሽ ነው፤ ከአንገቱ በታች ከረጢት ይንጠለጠላል። የሐዋሳ ነዋሪ ይህን ወፍ በሚገባ ያውቀዋል። በአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ከዓሣ አጥማጆች እግር ሥር እየተሽሎከሎከ የተጣለለትን አንጀት ስለሚለቅም፣ በዚያ ቦታ ፎቶግራፍ ለማንሳት ማንኛውም ካሜራ ይበቃል። ጎጆውን በዛፍ አናት ላይ የሠራውን የካምፓላ አባ ኮዳ በተራ ካሜራ ወይም በብዙዎቹ ስልኮች ያነሣው ሰው ግን፣ ቤቱ ገብቶ ምስሉን ሲመለከት የሚያገኘው ሰፊ ሰማይና በመካከሉ አንዲት ጥቁር ነቁጥ ነው። ረጅም ዙም ያለው የኪስ ካሜራ የተፈለገው ለእንዲህ ያለው ችግር ነው።

ለምሳሌ ያህል፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ የቀረበውን ካነን ፓወርሾት ኤስኤክስ 700ን እንመልከት። መጠኑ ከኪስ የማያልፍ ሲሆን፣ በሳጥኑ ላይ «30 ጊዜ» የሚል ጽሑፍ አለበት። ብዙ ገዢዎች ይህን ሲያነቡ ካሜራው ነገሩን ከዓይን ይልቅ 30 ጊዜ የሚያቀርብ ይመስላቸዋል። እንዲህ አይደለም። ቁጥሩ የሚገልጸው በሌንሱ አጭርና ረጅም የትኩረት ርዝመት መካከል ያለውን ንጽጽር ብቻ ነው። በፊልም ካሜራ ልማድ ሲሰላ፣ የዚህ ካሜራ ሌንስ ከ25 እስከ 750 ሚሊሜትር ካለው ሌንስ ጋር ይስተካከላል። ከዓይን እይታ ጋር ተቀራራቢ ነው የሚባለው 50 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ ካሜራው ከዓይን አንጻር የሚያቀርበው ወደ 15 ጊዜ ገደማ ነው። ይህም ቢሆን ትንሽ አይደለም። 60 ሜትር ርቆ የቆመውን አባ ኮዳ ዙሙ ሳይከፈት ቢያነሡት፣ ምስሉ ከላይ እስከ ታች 60 ሜትር ያህል ቦታ ስለሚይዝ ወፉ ከምስሉ ቁመት አንድ አርባኛውን ያህል ብቻ ይሞላል። ዙሙ እስከ መጨረሻው ሲከፈት ግን ምስሉ የሚይዘው ሁለት ሜትር ያህል ብቻ ስለሚሆን፣ ወፉ ከጥፍሩ እስከ አናቱ ሊሞላው ይቃረባል።

እንግዲህ በፊልም ዘመን 750 ሚሊሜትር የሆነ ሌንስ ክንድ የሚያህል፣ በትከሻ የሚሸከሙት ዕቃ ነበር። ያው ኃይል በኪስ ሊገባ የቻለው እንዴት ነው? ምሥጢሩ ያለው በሌንሱ ሳይሆን ከሌንሱ በስተ ኋላ ባለው ብርሃን ተቀባይ ሰሌዳ ነው። የተለመደው ፊልም አንድ ክፈፍ 36 በ24 ሚሊሜትር ነበር። የኪስ ካሜራው ሰሌዳ ግን 6.2 በ4.6 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ስፋቱ ከፊልሙ አንድ ሠላሳኛ ያህል ይሆናል። ሰሌዳው ሲያንስ፣ ሌንሱ ከሚጥልበት ምስል መካከለኛዋን ቁራጭ ብቻ ይቀበላል፤ ስለዚህ አጭር ሌንስ የረጅም ሌንስን ሥራ ይሠራል። የዚህ ካሜራ ሌንስ እውነተኛ የትኩረት ርዝመት ከ4.5 እስከ 135 ሚሊሜትር ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ካሜራውን ትንሽ ያደረገው ይኸው ሰሌዳ የካሜራው ድካም ሁሉ ምንጭ ነው። ጠባብ ሰሌዳ የሚሰበስበው ብርሃን ጥቂት ነው። በዚህ ላይ ዙሙ በተከፈተ መጠን የሌንሱ ብርሃን የማስገባት አቅም እየቀነሰ ይሄዳል፤ በተጠቀሰው ካሜራ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ከመጀመሪያው አንድ አራተኛ በታች ይሆናል። ካሜራው የብርሃኑን ማነስ ለማካካስ ምልክቱን በኤሌክትሪክ ያጎላዋል፤ የወፉ ላባ በአሸዋ የተረጨ መስሎ የሚታየውም በዚህ ምክንያት ነው። በተጨማሪም ዙሙ ወፉን ብቻ ሳይሆን የእጅን መንቀጥቀጥም ያጎላል። የቀድሞ ፎቶግራፍ አንሺዎች 750 ሚሊሜትር በሆነ ሌንስ በእጅ ይዞ ለማንሳት የመዝጊያው ፍጥነት ከሰከንድ አንድ 750ኛ ማነስ የለበትም ይሉ ነበር። ዛሬ በካሜራው ውስጥ ያለው ማረጋጊያ ይህን ግዴታ በጣም አቅልሎታል፤ ሆኖም ወፉ ራሱ ሲንቀሳቀስ ማረጋጊያው ምንም አይፈይድም።

ከዚህ የተነሣ ጊዜን መምረጥ ያስፈልጋል። ካምፓላ ከምድር ወገብ ጥቂት ብቻ ወደ ሰሜን ስለምትገኝ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ ሰዓት ግድም ወጥታ በዚያው ሰዓት ግድም ትጠልቃለች። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ያለው ብርሃን ከጎን ስለሚመጣ የወፉን ዓይንና ላባ ለይቶ ያሳያል። (የሉጋንዳ ተናጋሪዎችም እንደ ኢትዮጵያውያን የቀኑን ሰዓት መቁጠር የሚጀምሩት ከንጋት ነውና፣ ከእነርሱ ጋር ቀጠሮ ሲይዙ በሰዓት አቆጣጠር መግባባት አያስቸግርም።) እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት ስትሆን የወፉ ፊት በጥላ ይሸፈናል፤ ከአስፋልቱና ከቆርቆሮው ጣሪያ የሚነሣው ሙቅ አየርም ምስሉን ያርገበግበዋል። በፖርት ቤል ከባሕሩ ዳር ቆሞ በሩቅ ያለችን ጀልባ የሚያነሣ ሰው ካሜራው የተበላሸ ሊመስለው ይችላል። ጥፋቱ ግን የአየሩ ነው፤ ዙም ርቀትን ያሳጥራል እንጂ ጭጋግን አይገፍም።

ወፉ በብሩህ ሰማይ ፊት ሲቆም ካሜራው በሰማዩ ተታሎ ወፉን ያጠቁረዋል። በዚህ ጊዜ በብርሃን ማስተካከያው ላይ የመደመር ምልክት ወዳለበት አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ ይበቃል። ክንድን ከጎድን አጥበቆ ወይም ከግድግዳ ተደግፎ መቆም፣ ወፉን አስቀድሞ ዙሙ ሳይከፈት ማግኘትና ከዚያ ቀስ በቀስ መቅረብ ይገባል፤ ዙሙን ከፍቶ ወፍ መፈለግ በመርፌ ቀዳዳ ኮከብ እንደ መፈለግ ነው። ዲጂታል ዙም የሚባለውን ግን መዝጋት ይሻላል፤ እርሱ ምስሉን ቆርጦ ከመለጠጥ በቀር አዲስ ነገር አያመጣም።

ስለ አያያዙ የሚነገረው ብዙ አይደለም። ካሜራው ሲከፈት ሌንሱ እንደ ቱቦ ተመዝዞ ይወጣል፤ ሲዘጋ ተመልሶ ይገባል። በወጣና በገባ ቁጥር አቧራ ይዞ ስለሚገባ፣ የካምፓላም ሆነ የኢትዮጵያ ቀይ አቧራ ቀንደኛ ጠላቱ ነው። ያገለገለ ካሜራ የሚገዛ ሰው ዙሙን ደጋግሞ በመክፈትና በመዝጋት ድምፁን ማዳመጥ፣ ከዚያም አንድ ነጭ ግድግዳ አንሥቶ በምስሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ መኖሩን መመልከት አለበት። አሁን አሁን ያገለገለው ከአዲሱ ይልቅ በቀላሉ ይገኛል፤ የስልክ ካሜራ ስለ ተስፋፋ እ.ኤ.አ. በ2010 ከ120 ሚሊዮን በላይ የነበረው የዓለም የዲጂታል ካሜራ አቅርቦት በ2020 ከ9 ሚሊዮን በታች ወርዷል።

እስካሁን የተነገረው ስለ ወፍ ነው። ነገር ግን ዛፉ ላይ ያለውን አባ ኮዳ የሚያቀርበው ዙም በናካዋ ገበያ ማዶ ለማዶ የተቀመጠችውን ቲማቲም ሻጭም ያቀርባል፤ ልዩነቱ እርሷ ፎቶግራፍ መነሣቷን አለማወቋ ነው። በቀድሞው ካሜራ ፊት ለማንሳት መቅረብ ግድ ነበር፤ የቀረበ ሰው ደግሞ ሰላምታ ሳይሰጥና ፈቃድ ሳይጠይቅ ማለፍ ያሳፍረው ነበር። ረጅሙ ዙም ይህን አስቀርቶታል። ሉዚራ ውስጥ ትልቅ እስር ቤት ስላለ፣ ወደዚያ አቅጣጫ ዙም ከፍቶ መቆምም ከጠባቂዎች ጋር ሊያጣላ ይችላል።

ሕጉ ስለዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የዩጋንዳ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የሰውን የግል ሕይወት ይጠብቃል። የቁጥሩ መመሳሰል አጋጣሚ ቢሆንም፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ተከታዩ ቁጥር 28 ከዚህ ውጭ የሚሆኑትን ይዘረዝራል፤ ይኸውም ሰውየው የታወቀ ወይም በመንግሥት ሥራ ላይ ያለ ሲሆን፣ ፍርድ ወይም የፖሊስ ሥራ ሲያስፈልገው፣ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ጥቅም ሲሆን፣ እንዲሁም ምስሉ በአደባባይ ከተፈጸመ ነገር ጋር የተያያዘ ሲሆን ነው። ስለዚህ የገበያውን ግርግር በሰፊው ማንሳትና የአንዲትን ሻጭ ፊት ከሩቅ ለይቶ አንሥቶ ለሽያጭ ማቅረብ በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። ሻጪቱን ለይቶ ማንሳት የፈለገ ሰው ዙሙን መልሶ፣ መንገዱን ተሻግሮ ይጠይቃታል።