የግራኝ ክላሽ

ራያ ውስጥ ቆቦ አካባቢ ያደገ ሰው ክላሽን ለመለየት ጌም አያስፈልገውም። ገበያ ላይ ከትከሻ አይወርድም፣ ሠርግ ላይ ወደ ሰማይ ይተኮሳል። ስለዚህ የራያ ልጅ ካውንተር ስትራይክ ሲጫወት ሌላው የማያየው ስህተት ይታየዋል።

የድሮውን ካውንተር ስትራይክ 1.6 አስታውሱት። የክላሹ ማቀባበያ በግራ በኩል ነው፣ ቀለሁም የሚፈናጠረው በግራ ነው። በእውነተኛው ሁለቱም በቀኝ ናቸው። ለአጎቴ የጌሙን ቪዲዮ ባሳየው፣ «የግራኝ ክላሽም ተሠራ እንዴ?» አለኝ። ብዙም አልራቀ። ጌሙን እ.ኤ.አ. በ1999 ሚን ሊ እና ጄስ ክሊፍ ሲጀምሩት መሣሪያዎቹ የተሠሩት ለግራ እጅ ነበር፤ በኋላ እንደ መስታወት ተገልብጠው ወደ ቀኝ ዞሩ። መግዣው ዝርዝር ላይ ደግሞ ስሙ «ሲቪ-47» ነው፤ የአምራቾችን የንግድ ስም ላለመንካት። ጎልደንአይ (እ.ኤ.አ. 1997) በተባለው ጌም ላይም «ኬኤፍ7 ሶቪየት» የሚባለው ያው ክላሽ ነው።

ዱም የተባለው ጌም ደግሞ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. የ1993ቱ ዱም ሾትገን የተቀዳው ከልጆች መጫወቻ ጠመንጃ ፎቶ ነው። መጋዙ ግን የእውነት መጋዝ ነበር፣ በውሰት የመጣ።

ወደ ፐብጂ ስንመጣ መልኩ ተስተካክሏል። «ኤኬኤም» የተባለው ክላሽ 30 ጥይት ይጎርሳል፣ እንደ እውነቱ። ያልተስተካከለው ጥይቱ ነው። ካዝናው ላይ 12 ቀርቶ ብትቀይሩ፣ 12ቱ በራሳቸው ቦርሳ ይገባሉ። በእውነቱ ካዝናውን ነቅለህ ኪስህ ትከታለህ፣ ኋላ ቁጭ ብለህ በአውራ ጣትህ አንድ በአንድ ትሞላለህ። በደቂቃ 600 በሚተፋ መሣሪያ 30 ጥይት የሦስት ሰከንድ ነው። ጥይት በብር የሚገዛ ሰው ሩምታ አይወድም፤ በጌሙ ግን ሁሉም በሩምታ ነው።

እኔን ግን ደስ የሚሉኝ አሮጌዎቹ ናቸው። ፐብጂ ላይ «ካር98» የምትሉት የጀርመኑ ማውዘር ነው፤ ጃንሆይ ከጣሊያን ወረራ በፊት ከቤልጅግ ያስመጡት ጠመንጃም የዚያው የማውዘር 98 ዘር ነው። አባቶቻችን ቤልጅግ ብለው የሚጠሩት ማለት ነው።

ምንሽር ደግሞ ባትልፊልድ 1 ላይ «ጌቬር ኤም95» ተብሎ አለ፤ የኦስትሪያው ማንሊኸር። ጣሊያን ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተሸነፈችው ኦስትሪያ በካሳ ብዙ ወስዳ፣ የቅኝ ግዛት ወታደሮቿን አስታጠቀችበት። በ1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ ጦርነት ሲሆን፣ ከዚያም በአርበኝነቱ ዘመን፣ እንዲህ ያለ ከጠላት የተማረከ መሣሪያ ብዙ ነበር። ባትልፊልድ 1ን ካገኛችሁት የተኳሹን እጅ ተመልከቱ፤ የማውዘሩን እጀታ አንስቶ፣ ስቦ፣ ገፍቶ፣ መልሶ ያወርዳል። የምንሽሩን ግን ሳያዞር ቀጥ አድርጎ ይስባል፣ ቀጥ አድርጎ ይመልሳል። እሱን በትክክል ሠርተውታል።