ተጨማሪ መረጃ፦ ከጽንስ ቅድመ ልየታ «ስጋት አለ» የሚል ውጤት ሲመጣ

በካርቱም ዐማራት የምትኖር ኢትዮጵያዊት ነፍሰ ጡር የመጨረሻ የወር አበባዋ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የካቲት 1 እንደመጣ ትናገር ይሆናል። የክሊኒኩ መዝጋቢ ፌብሩዋሪ 1 ብሎ ከጻፈው ጽንሱ በወረቀት ላይ በአንድ ሳምንት ገደማ ያረጃል። በእናት ደም ውስጥ የሚለካው ፓፕ-ኤ የተባለ ፕሮቲን በየሳምንቱ ስለሚጨምር፣ ትክክለኛው መጠን ዝቅ ያለ ይመስላል፤ ዝቅ ማለቱ ደግሞ ዳውን ሲንድረም ለተባለው የክሮሞዞም ለውጥ የስጋት ምልክት ተደርጎ ይቆጠራል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የእርግዝናው ዕድሜ በአልትራሳውንድ፣ በጽንሱ ርዝመት ይረጋገጥ።

ከ11 ሳምንት እስከ 13 ሳምንት ከ6 ቀን የሚደረገው ቅድመ ልየታ የጽንሱን ማጅራት ፈሳሽና የእናትን ደም አይቶ እንዲህ ያለው ለውጥ የመኖሩን ዕድል ያሰላል እንጂ አለ ብሎ አይቆርጥም። «ከ100 አንድ» ማለት፣ እንዲህ ያለ ውጤት ካላቸው 100 እናቶች የ99ኙ ጽንስ ያ ለውጥ የለበትም ማለት ነው። ሐኪም ይህን ቁጭ ብሎ ሊያስረዳ ይገባል፤ እናቲቱም ሳታፍር ትጠይቅ።

ቁርጡ የሚታወቀው ከእንግዴ ልጅ ወይም 15 ሳምንት ከሞላ በኋላ ከሽርት ውኃ በሚወሰድ ናሙና ነው። ናሙና መውሰዱ ጽንስ የማጨናገፍ አነስተኛ ስጋት ስላለው ውሳኔው የእናቲቱ ነው። የክሮሞዞም ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ በአጋጣሚ ይፈጠራል፤ ከበላችው፣ ከተሸከመችው ወይም ከሰው ዓይን አይመጣም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ ብዙዎች በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ተሻግረዋል። እንዲህ ከክትትል የምትቋረጥ እናት የአልትራሳውንዱን ወረቀት ከፓስፖርቷ ጋር ትያዝ፤ ቀጣዩ ሐኪም የጽንሱን ዕድሜ የሚያሰላው ከእሱ ነው።