የቤተሰብ ሥነ ልቦና ሕክምና

የቤተሰብ ሥነ ልቦና ሕክምና (በብዙዎች አጠራር ፋሚሊ ቴራፒ) የአንድን ሰው የአእምሮ ወይም የጠባይ ችግር በሰውየው ውስጥ ብቻ ሳይሆን ከቤተሰቡ ጋር ባለው ግንኙነት ውስጥ የሚመረምር የክሊኒካል ሥነ ልቦና ዘርፍ ነው። ቤተሰብን እንደ አንድ ሥርዓት ስለሚያይ «ሥርዓታዊ» ይባላል። ሥርዓት ሲባል እዚህ ላይ ጨዋነት ማለት አይደለም፤ አንዱ ክፍል ሲነካ ሌላው የሚንቀሳቀስ የተያያዘ ነገር ማለት ነው።

መነሻ

ሐሳቡ የመጣው ከሐኪሞች ብቻ አይደለም። ኖርበርት ዊነር እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው «ሳይበርኔቲክስ» ማሽንም ሆነ እንስሳ ራሱን የሚቆጣጠረው በግብረ መልስ መሆኑን አስረዳ። ፍሪጅ ሲሞቅ ሞተሩ ይነሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይቆማል። አንትሮፖሎጂስቱ ግሪጎሪ ቤትሰን ይህን አስተሳሰብ ወደ ሰዎች ንግግር አመጣው። እ.ኤ.አ. በ1956 ከዶን ጃክሰን፣ ከጄይ ሄሊና ከጆን ዊክላንድ ጋር «ድርብ ማሰሪያ» የሚለውን ሐሳብ አቀረበ። ልጁ «ውጣና ከጓደኞችህ ጋር ተጫወት» ይባላል፤ ሲወጣ ግን እናቱ ታኮርፋለች። የትኛውንም ቢያደርግ ጥፋተኛ ነው፣ ነገሩን አንስቶ መናገርም አይችልም።

ቤትሰንና ባልደረቦቹ ይህ ዓይነቱ ንግግር የስኪዞፍሬኒያ መነሻ ሊሆን ይችላል ብለው ነበር። ይህ በምርምር አልተደገፈም። በበሽታው ውስጥ የዘር ውርስ ትልቅ ድርሻ እንዳለው ይታወቃል፤ በዚያ ዘመን ግን ብዙ እናቶች ያለ ጥፋታቸው ተወቅሰዋል። ከሐሳቡ የቀረው ዋና ነገር የቤተሰብን ንግግር በጥንቃቄ የማየት ልማድ ነው።

ከዚያ በኋላ መንገዱ በብዙ ተከፋፈለ። ሳልቫዶር ሚኑቺን እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣው መጽሐፍ በወላጆችና በልጆች መካከል ስላለው ድንበር ጻፈ። መሪ ቦወን ችግር ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዴት እንደሚተላለፍ አጠና። ቢያንስ ሦስት ትውልድ የሚያሳየው ጄኖግራም የተባለ ሥዕልም ከዚህ ሐሳብ ጋር የተያያዘ ነው። ለጋብቻ ሰባት ቤት ለሚቆጥር ኢትዮጵያዊ ጄኖግራም እንግዳ አይሆንበትም፤ ልዩነቱ የሥጋ ዝምድናን ብቻ ሳይሆን ማን ከማን እንደተኳረፈና ማን ለማን እንደሚቀርብ ጭምር መመዝገቡ ነው።

አሠራር

በምሳሌ ለማየት፣ መካኒሳ የሚኖር የ14 ዓመት ልጅ ትምህርት ቤት አልሄድም አለ እንበል። አባት ስንፍና ነው ይላል፤ እናት ታሟል ትላለች፤ አያት ቡዳ በልቶት ነው ይላሉ። ሐኪሙ ከሦስቱ ማን ትክክል እንደሆነ ለመፍረድ አይቸኩልም። በመጀመሪያ ልጁ የሰውነት ሕመም ወይም በትምህርት ቤት የሚደርስበት ጥቃት እንደሌለ ያጣራል። ቀጥሎ «እማማ፣ ልጁ በቀረ ቀን እናቱ ምን ታደርጋለች? አባቱስ?» ብሎ ሦስተኛ ሰው ይጠይቃል። ይህ ዙሪያ ጥያቄ የሚባለው ሲሆን በጣሊያን የሚላን ሐኪሞች፣ ማራ ሴልቪኒ ፓላዞሊና ባልደረቦቿ፣ ያዳበሩት ነው። ምናልባት ልጁ ቤት በዋለ ቁጥር ወላጆቹ ጠባቸውን ትተው ስለ እርሱ ያወሩ ይሆናል። ልጁ አስቦበት አላደረገውም፤ ነገር ግን መቅረቱ ቤቱን እንደ ፍሪጁ ሞተር ያበርደዋል።

ዘዴው እንዳለ ቢገለበጥ ግን ይቸግራል። ልጅን በአያቱ ፊት ስለ ወላጆቹ ጠብ መጠየቅ ለብዙ ቤተሰብ ነውር ነው፤ የቤት ገመናም ለባዳ አይነገርም። ስለዚህ ታላላቆችን አስቀድሞ ማነጋገር ወይም ልጁን ለብቻው መስማት የተሻለ ነው።

ከሽምግልና ጋር ያለው ልዩነት

ሽምግልናም ጠብን የሚያየው እንደ ሁለት ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ቤተ ዘመዱን ሁሉ ያሰባስባል። ሆኖም ሽማግሌ አጥፊውን ይለያል፣ ይገሥጻል፣ ያስታርቃል፤ የቤተሰብ ሐኪም ግን ዳኛ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺን ጉዳይ የሚያዩት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ፍቺ የመወሰንን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጥቶ ለሽማግሌዎች ማስታረቁን ተወላቸው።

ዱላ ባለበት ቤት ሁለቱም መንገዶች አደገኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ሽማግሌው «ቻይው» ብሎ ይመልሳታል፤ ሐኪሙ ደግሞ «ሁለታችሁም ድርሻ አላችሁ» ብሎ የመቺውን ኃላፊነት ለሁለት ይከፍላል። በተለይ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የሴቶች መብት ተሟጋች ሐኪሞች ሥርዓታዊውን አስተሳሰብ አጥብቀው የተቹት በዚህ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚቀድመው የተጎጂዋ ደኅንነት ነው።

ቤተሰብና ከባድ የአእምሮ ሕመም በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የአእምሮ ሕሙማንን የሚያስታምመው በአብዛኛው ቤተሰብ ነው፤ ሸክሙም መገለሉም ይጋራዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመና በቡታጅራ በተካሄደ ጥናት ከተጠየቁ 178 ዘመዶች መካከል 75 በመቶው መገለል እንደሚሰማቸው ወይም እንደደረሰባቸው ተናግረዋል፤ 37 በመቶው ሕመሙን መደበቅ ይፈልጉ ነበር። ቤተሰብን መውቀስ እዚህ ላይ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም።

በሶዶ ወረዳ በተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመ ሌላ ጥናት የሠለጠኑ የአካባቢ ሠራተኞች ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን ሰዎች ቤታቸው ድረስ እየሄዱ ከቤተሰባቸው ጋር ይረዱ ነበር። መድኃኒቱ ከጤና ጣቢያ አልተቋረጠም። ከ12 ወር በኋላ እነዚህ ሕሙማን የጤና ጣቢያ ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ የዕለት ተዕለት ኑሯቸውን በተሻለ ሁኔታ ሲያከናውኑ ተገኝተዋል።