የፓምኪን ስፓይስ ሶስ በቤት ውስጥ፦ ዱባውን ሳይሆን ማንኪያውን ቁጠሩ



ባለፈው ሳምንት እዚህ ሜሪላንድ የምከታተላቸው አንዲት እናት የደም ምርመራ ውጤታቸውን ሊሰሙ መጡ። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ታሪካቸውን ግን «ለሌላውም ይጥቀም» ብለው ፈቅደውልኛል። ነሐሴ ላይ ኤዋንሲ የምንለው የሦስት ወር የስኳር መጠናቸው 5.9 ነበር። ከ5.7 እስከ 6.4 ያለው ቅድመ ስኳር ነው፤ ከ6.5 ጀምሮ ስኳር በሽታ እንለዋለን። ያኔ ስንነጋገር ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄዱ ከካፌ የሚገዙትን ጣፋጭ ቡና እንዲተዉ ተስማማን። እውነትም ተዉ። አሁን ግን ውጤቱ 6.3 ሆኖ መጣ።

«ዶክተርዬ፣ እኔ እኮ ከውጭ መግዛት አቁሜያለሁ! ቤቴ ነው የምሠራው፣ ያውም ከዱባ» አሉኝ። ልጃቸው ቪዲዮ አሳይታቸው የፓምኪን ስፓይስ ሶስ መሥራት ተምረዋል። እስቲ ምን ምን ይገባበታል ብዬ ጠየቅኳቸው። አንድ ቆርቆሮ ጣፋጭ ኮንደንስድ ወተት፣ አንድ ኩባያ ቡናማ ስኳር፣ ትንሽ ዱባ፣ ቅመም። ከዚያ ላይ ጠዋት ሩብ ኩባያ፣ ከሰዓት ደግሞ ሩብ ኩባያ።

አብረን አሰላነው። አንዱ የኮንደንስድ ወተት ቆርቆሮ ብቻውን ከ200 ግራም በላይ ስኳር አለው። ስኳሩ ሲጨመርበት ድስቱ ውስጥ ያለው ከ400 ግራም ያልፋል። እያንዳንዱ ሩብ ኩባያ ከ30 ግራም በላይ ነው፤ በቀን ሁለቴ ሲሆን ከ60 ግራም በላይ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ለሴቶች በቀን ከ25 ግራም፣ ለወንዶች ከ36 ግራም የበለጠ የተጨመረ ስኳር እንዳይወስዱ ይመክራል። ዝም ብለው ወረቀቱን አዩት። «ዱባ ነው ብዬ እኮ ነው» አሉ።

እንግዲህ ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ለዚች ቃል ነው።

ነገርዬው መጀመሪያውኑ ዱባ አይደለም። «ፓምኪን ስፓይስ» ማለት አሜሪካኖች ለዱባ ፓይ የሚጠቀሙበት ቅመም ነው። ማኮርሚክ የተባለው የቅመም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1934 ቀላቅሎ በቆርቆሮ መሸጥ ጀመረ። ስታርባክስ ላቴውን ያወጣው በ2003 ሲሆን፣ እስከ 2015 ድረስ ሶሱ ውስጥ ዱባ የሚባል ነገር አልነበረም! ዛሬ አለ፣ ግን ስኳሩም አለ። መካከለኛው ኩባያ ከወተቱና ከክሬሙ ጋር በጠቅላላው ወደ 50 ግራም ስኳር ይይዛል። ከዚህ ውስጥ የተወሰነው የወተቱ የራሱ ስኳር ነው፤ አብዛኛው ግን ተጨምሮ የገባ ነው።

ቅመሙ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቀረፋ፣ ዝንጅብል፣ ቅርንፉድና ገውዝ ነው። ሻያችን ውስጥ ስንት ዘመን የኖሩ ናቸው። እነዚህ ቅመሞች ለሐኪም የሚጠቅም አንድ ጸባይ አላቸው፦ የቀረፋና የቫኒላ ሽታ ምላሳችንን ያታልለዋል፣ ከሚገባው በላይ የጣፈጠ ይመስለናል። ስለዚህ ቅመሙን ከፍ ካደረጋችሁ ስኳሩን ብትቀንሱም ብዙ አይጎድልባችሁም። እኔ ቤት የሚሠራውን ልንገራችሁ።

ሁለት የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ ዝንጅብል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ገውዝ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቅርንፉድ በደረቅ ድስት ላይ በትንሽ እሳት ሽታው እስኪነሳ አመስ አመስ አድርጉት። ከግማሽ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም፤ ካረረ ይመርራል። አንድ ኩባያ የተፈጨ ዱባ፣ አንድ ኩባያ ውኃ፣ 6 የሾርባ ማንኪያ ስኳርና ቁንጥር ጨው ጨምሩ። ጨውዋን አትዝለሏት፣ የቡናውን ምሬት ታለዝባለች። ከታች እንዳይዝ እያማሰላችሁ 15 ደቂቃ ያህል ይንተክተክ፤ ሲወርድ አንድ የሻይ ማንኪያ ቫኒላ። ቡናችሁ ውስጥ ደቃቅ ነገር የሚያስጠላችሁ ከሆነ በወንፊት አጥልሉት።

ዱባው የቆርቆሮ ከሆነ ጽሑፉን አንብቡ። «መቶ በመቶ ዱባ» የሚል ነው የምትፈልጉት፤ «የፓይ መሙያ» የሚለው አስቀድሞ ስኳር ገብቶበታል፣ መደርደሪያው ላይ ደግሞ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አዲስ አበባ ያላችሁ የገበያ ዱባ ብትጠቀሙ ከመቀቀል ይልቅ ኦቨን ውስጥ ብትጠብሱት ውኃ አይበዛበትም።

ከዚህ የሚወጣው 26 የሾርባ ማንኪያ ገደማ ነው። በሁለት ማንኪያ ሶስ 6 ግራም ያህል የተጨመረ ስኳር ታገኛላችሁ። ዱባውስ? በሁለት ማንኪያ ውስጥ 20 ግራም እንኳን አይሞላም። አትክልት በላሁ ብላችሁ አትቁጠሩት። ለቫይታሚን ኤ ከሆነ የዱባ ወጥ ብሉ።

ብዙዎቻችሁ «በማር ብቀይረውስ?» ትሉኛላችሁ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር ወደ 17 ግራም ስኳር አለው፤ ያው አንድ ማንኪያ ነጭ ስኳር ደግሞ 12 ግራም ተኩል ገደማ። ማር ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ለስኳር ታካሚ ነፃ ፈቃድ አይደለም።

ስለ ቀረፋም አንድ ነገር ልበል፣ ምክንያቱም «ቀረፋ ስኳርን ያጠፋል» የሚል መልእክት በየሳምንቱ ይላክልኛል። ቀረፋ የስኳር በሽታን እንደሚያክም በቂ ማስረጃ የለም። እባካችሁ በእሱ ተማምናችሁ ሜትፎርሚን አታቁሙ። እዚህ አሜሪካ በብዛት የሚሸጠው ካሲያ የሚባለው ዓይነት ሲሆን ኩማሪን የሚባል ንጥረ ነገር አለበት፤ በየቀኑ በማንኪያ የሚውጡት ሰዎች ጉበታቸውን ሊጎዱ ይችላሉ። በሶሳችን ውስጥ ያለው መጠን ግን አያሳስብም። የሚያሳስበው ሌላ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2024 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በአንዳንድ የተፈጨ ቀረፋ ላይ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ከፍ ብሎ መገኘቱን አስታውቋል። እርሳስ የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ የምትገዙት ቀረፋ ዝርዝሩ ውስጥ እንዳለ የመሥሪያ ቤቱን ድረ ገጽ ተመልከቱ። ገውዝንም ልጆች እንዳያገኙት አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ከሁለት የሻይ ማንኪያ ያላነሰ ገውዝ በአንዴ የወሰደ ሰው ልቡ እየመታበት፣ እየቃዠ ድንገተኛ ክፍል ሊገባ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ማስጠንቀቂያ። ሶሱን በጠርሙስ አሽጋችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ እንዳታስቀምጡ፣ ለጎረቤትም በዚያ መልክ ስጦታ እንዳትሰጡ። ዱባ አሲድ የለውም። ቦቱሊዝም የሚያመጣው ባክቴሪያ ዘሩ በተለመደው ማፍላት አይሞትም፤ አየር የሌለበት የታሸገ ጠርሙስ ደግሞ ምቹ ቤቱ ነው። የአሜሪካ የግብርና ሚኒስቴር የተፈጨ ዱባን በቤት ውስጥ ማሸግን ጭራሽ አይመክርም፣ ፕሬዠር ማሸጊያ ቢኖራችሁ እንኳን፤ ወፍራም ስለሆነ ሙቀቱ እኩል ወደ መሃል አይደርስም። ክፋቱ መርዙ ሽታም ጣዕምም ላይለውጥ ይችላል። ምልክቱ የዓይን ሽፋን መውደቅ፣ ነገሮች ሁለት ሆነው መታየት፣ ምላስ መተሳሰር፣ መዋጥ ማቃት ነው። ይህን ያየ ሰው «ትንሽ ልረፍ» ሳይል ወዲያው ሆስፒታል ይሂድ።

ሶሱ ከምድጃ ከወረደ በኋላ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ፍሪጅ ይግባ፣ በሳምንት ውስጥም ይለቅ። የቀረውን ፍሪዘር ውስጥ በበረዶ መሥሪያው ጨምሩት። የተለመደው በረዶ መሥሪያ አንዱ ጉድጓድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ገደማ ይይዛል፤ አንድ ቁራጭ ለአንድ ሲኒ፣ በቃ። ጀበና ውስጥ ግን አትጨምሩት፣ ከሲኒው በታች አድርጋችሁ ትኩሱን ቡና ከላይ አፍስሱበት። ለማጽዳት ከሚያሰቃያችሁ።

ለምትጾሙ፦ ከላይ ያለው አሠራር ወተት የለበትም። የነቢያት ጾም ገብቷልና ይህን ልብ በሉ፤ እዚህ አሜሪካ ስታርባክስ የሚጠቀምበት የዱባ ሶስ ወተት ስላለው በአጃ ወተት ብታዝዙትም የፍስክ ነው። የወተት አለርጂ ያለበት ልጅ ያላችሁም ይህንኑ እወቁ። የአጃ ወተት ስትገዙ ደግሞ ስኳር ያልተጨመረበትን ምረጡ።

እኚያ እናት ሁለት በረዶ መሥሪያ ገዝተዋል። የኮንደንስድ ወተቱን ቆርቆሮ ለልጃቸው መልሰውላታል፣ ከሰዓት በኋላ ያለውንም ቡና ያለ ሶስ እየጠጡ ነው። ቀጣዩ ምርመራቸው መጋቢት ላይ ነው።