ከኋላ ያስነሣችሁትን መኪና ፍሬኑን ማን አየላችሁ?

ወገኖቼ፣ ዛሬ ጋራዥ የገባውን መኪና ካየሁ በኋላ ሳልጽፍ ማደር አልቻልኩም። ሎንግ ቤዝ ላንድክሩዘር ነው፤ ኤች.ዜድ.ጄ 75፣ ፊቱም ኋላውም በባሌስትራ የሚሄደው የድሮው። ሾፌሩ ያመጣው «ፍሬን ስይዝ ፊቱ ይደፋል፣ ቁልቁለት ላይ የተቃጠለ ነገር ይሸተኛል» ብሎ ነው። ስሩ ስገባ የኋላው ባሌስትራ መሃል የአይሱዙ የጭነት መኪና ባሌስትራ ተሰክቶበታል። ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን የፍሬን ግፊት የሚመጥነው ቫልቭ ዘንግ ደግሞ ከአክስሉ ተፈትቶ በሽቦ ታስሯል። ነገ ሰው ጭኖ በድልብ ወደ ወልድያ ሊወርድ ነበር።

የሠራውን ሰው ስም አልጠራም፤ ብቻውንም አይደለም። በየስልኩ የሚዞረው ቪዲዮ ሁሉ «የተኛ ባሌስትራ በግማሽ ቀን እናነሣለን» ነው። ማንሣቱ ቀላል ነው። ከተነሣ በኋላ መኪናው እንዴት እንደሚቆም የሚነግራችሁ ግን የለም። ስለዚህ በተራ በተራ ልጻፈው።

1. አሞርዛተር መኪና አይሸከምም። የሚሸከመው ባሌስትራው ወይም ሞላው ነው። የአሞርዛተር ሥራ መኪናው ከጉድጓድ ሲወጣ ደጋግሞ እንዳይዘል መግታት ነው። መኪናችሁ ከኋላ ስለተኛ ሁለት አዲስ አሞርዛተር የሸጠላችሁ ሰው ገንዘባችሁን በላ እንጂ መኪናችሁን አላነሣም።

2. ሳትለኩ አትፍቱ። የጎማውን ነፋስ አስተካክሉ፤ ከዚያ ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ድረስ በሜትር ለኩ፣ አራቱንም ጎማ። ላሊበላ ውስጥ ደልዳላ መሬት ማግኘት ራሱ ሥራ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ተዳፋት ላይ የተወሰደ ልኬት ውሸት ነው። ፖርቶመጋላው ላይ ያለውን ትርፍ ጎማና ጀሪካን መጀመሪያ አውርዱ። አንዳንዱን መኪና ያስተኛው ባሌስትራው ሳይሆን የማይወርደው ጭነት ነው።

3. ምክንያቱን ፈልጉ። የተሰበረ ባሌስትራ አለ? የመሃል ብሎኑ ተቆርጧል? (ከተቆረጠ አክስሉ ራሱ ከቦታው ይሸሻል።) ጎሚኒው አልቋል? ዩ ቦልቱ ላልቷል? መኪናው በአንድ ጎን ብቻ ከተኛ መልሱ ብዙውን ጊዜ እዚህ ውስጥ ነው።

ወደ 4ኛው ከመሄዴ በፊት ግን የተኛ ባሌስትራን በእሳት አግሎ ስለማንሣት መናገር አለብኝ። ባሌስትራ ተራ ብረት አይደለም። ይህን የላስታ ቀጥቃጭ ከብዙ መካኒክ በላይ ያውቀዋል፤ የተሰበረ የመኪና ባሌስትራ ፈልጎ ማረሻና ማጭድ የሚያወጣበት በከንቱ አይደለም። ክሮምና ማንጋኒዝ ያለበት ብረት ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ ወደ 850 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግሎ ይጎብጣል፣ ዘይት ውስጥ ይነከራል፣ ከዚያ እንደገና ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ይሞቃል። ተጭኖ መልሶ የሚነሣበት ጉልበት የመጣው ከዚህ ነው። በጋዝ ብየዳ ነበልባል አንድ ቦታውን አግላችሁ በመዶሻ ስታጎብጡት ያን ጉልበት ገደላችሁት። በራሱ ጊዜ ከቀዘቀዘ ለስልሶ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ይተኛል። ውሃ ከደፋችሁበት እንደ መስታወት ተሰባሪ ይሆናል፤ ሲሰበር ደግሞ ጋራዥ ውስጥ ቆሞ አይደለም፣ በይምርሃነ ክርስቶስ መንገድ ምእመናን ጭኖ ነው። ሙሉው ባሌስትራ ምድጃ ገብቶ በሥርዓቱ የሚጠነክርበት ቦታ ከሌላችሁ እሳት አታስጠጉት። ሳይሞቅ በፕሬስ ማጎበጥ ይቻላል። ብዙ አይቆይም፣ ነገር ግን ብረቱን አያበላሸውም።

የጭነት መኪና ባሌስትራ መጨመሩም ያው ነው። የአንድ ባሌስትራ ግትርነት ከውፍረቱ ጋር እኩል አያድግም። ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ግትርነቱ 8 እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ያ አንድ ወፍራም ብረት ሸክሙን ለብቻው ይይዛል፤ ሌሎቹ ቀጫጭኖች አብረውት አይሠሩም። የመንገዱ ምት በሙሉ በቀጥታ ሻንሲው ላይ ያርፋል፤ ባሌስትራው የሚታሰርበት ቦታ ላይ ሻንሲው ይሰነጠቃል። ከዚያ ብየዳ፣ ከብየዳ በኋላ እንደገና ስንጥቅ።

አሁን ወደዚያ ዘንግ ልምጣ፤ የተናደድኩት በእሱ ነው። ፍሬን ስትይዙ ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፣ ኋላው ይቀላል። ባዶ መኪና ላይ የኋላው ፍሬን ከልክ በላይ ከያዘ የኋላ ጎማ ይቆለፍና መኪናው ይዞራል። የተጫነ መኪና ደግሞ ኋላው ስለሚከብድ እዚያ ተጨማሪ ፍሬን ይፈልጋል። ቶዮታ ለዚህ ሲል ሻንሲው ላይ ቫልቭ አስቀመጠ፤ ከቫልቩ እስከ አክስሉ ዘንግ ዘረጋ። ቫልቩ ጭነቱን የሚያውቀው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሻንሲውና በአክስሉ መሃል ባለው ርቀት። ርቀቱ ሲጠብ «ተጭኗል» ብሎ ግፊት ይለቃል፣ ሲሰፋ «ባዶ ነው» ብሎ ይቀንሳል።

እንግዲህ መኪናውን ከኋላ በ5 ሴንቲ ሜትር አንሥታችሁ ዘንጉን ሳትነኩ ስትተዉት ምን ይሆናል? 10 ሰውና ኩንታል ጤፍ ጭናችሁም ቫልቩ የሚያየው ባዶ መኪና ነው። የኋላ ፍሬን ይሰንፋል፤ ማቆሙን ፊቱ ብቻውን ይሸከመዋል። ሜዳ ላይ አይታወቃችሁም። ከጋሸና ወደ ላሊበላ ስትወርዱ፣ ይልቁንም በድልብ ቁልቁለት፣ የፊት ፍሬን ይግላል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት ዝቅተኛው 140 ዲግሪ ነው። በእኛ አገር የፍሬን ዘይት ይጨመራል እንጂ መች ይቀየራል? ዘይቱ ሲፈላ ውስጡ እንፋሎት ይፈጠራል፤ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል፤ የሚይዝ ነገር የለም። ያ ሾፌር የሸተተው ይህ ከመድረሱ በፊት የሚመጣው ሽታ ነው።

የተኛ መኪናም ያለ ችግር ይቆማል ማለት አይደለም። እሱ ላይ ቫልቩ ሁልጊዜ «ተጭኗል» ይላል፤ መኪናው ባዶውን በክረምት እርጥብ ኮረኮንች ላይ ፍሬን ሲይዝ ኋላው ይንሸራተታል። «ቫልቩን ንቀሉትና ቱቦውን ቀጥታ አገናኙት» የሚሉት ደግሞ ይህንኑ አደጋ ቋሚ ያደርጉታል። እንዲህ ብሎ የሚመክር ሰው መካኒክ ነኝ ባይል እወድ ነበር።

ያ ዛሬ ያየሁት መኪና የዓመቱን ቴክኒክ ምርመራ አልፎ ቦሎ ለጥፏል። መብራት ታይቷል፣ እሳት ማጥፊያ ታይቷል፣ ወረቀት ታትሟል። ስሩ ገብቶ ያየ ሰው ቢኖር በሽቦ የታሰረውን ዘንግ ማየት ከባድ አልነበረም። ምርመራ ማለት ከመኪናው ስር መግባት ካልሆነ ለምንድን ነው የምንከፍለው?

«አሮጌ መኪና ስለሆነ ነው» የሚል መልስ አልቀበልም፤ አሮጌውን የምንነዳው ወደን አይደለም። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በቆዩ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መታገዱ ተነገረ። ሌላው አገር ሰብሳቢዎች በጋራዥ የሚያስቀምጡት የ1980ዎቹ ላንድክሩዘር እዚህ የቤተሰብ እንጀራ ነው፤ ነገም እሱው ነው የሚሠራው። ከኮሮና ወዲህ፣ ከዚያም በጦርነቱ ቱሪስቱ ሲቀር፣ እንግዳ ይዞ አሸተን ማርያም ሲመላለስ የነበረው መኪና ሲሚንቶና እህል ተሸካሚ ሆነ። ባሌስትራው የተኛው በዚህ ነው። እንግዲያው ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን የባሌስትራ ማጠንከሪያ ምድጃና ፕሬስ ይኑራቸው። ተማሪው በወረቀት ሥዕል ብቻ ተመርቆ ሲወጣ የሚያስተምረው ቲክቶክ ይሆናል።

4. ትክክለኛው ሥራ ይህ ነው። ለዚያው መኪና የተሠራ ባሌስትራ፣ ሁለቱንም ጎን በአንድ ጊዜ። ዩ ቦልት አዲስ፤ አንዴ የተሳበ ዩ ቦልት ተመልሶ አይታመንም። የባሌስትራውን ጆሮ ዳዶዎች መኪናው ክሪክ ላይ እያለ አታጥብቁ። ጎማው መሬት ይርገጥ፣ ክብደቱ ይረፍ፣ ከዚያ አጥብቁ፤ አለዚያ ጎሚኒው ተጠማዝዞ ቶሎ ይቀደዳል። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከሄዳችሁ በኋላ ዩ ቦልቱን እንደገና አጥብቁ። የቫልቩ ዘንግ ጫፉ ላይ የሚስተካከል ክር አለው፤ ልኩ በቶዮታ የጥገና መጽሐፍ ተጽፏል፣ በግፊት መለኪያ ይረጋገጣል። መለኪያው የሌለው ጋራዥ መኪና ከፍ አያድርግ። የፊት መብራቱንም መልሳችሁ አስተካክሉ።

ያን መኪና አላስወጣሁትም። ሾፌሩ ተቆጥቷል፤ ተሳፋሪዎቹ በሌላ መኪና ይሄዳሉ።

ላስታ፣ ቡግና፣ መቄት፣ ጊዳን ያላችሁ ባለመኪናዎችና ሾፌሮች፣ በላሊበላ ይዣችኋለሁ፦ ነገ ጠዋት ሞተር ከማስነሣታችሁ በፊት ከኋላ ስሩ ገብታችሁ ከአክስሉ ወደ ሻንሲው የሚወጣውን ዘንግ እዩ። ተፈትቶ ወይም በሽቦ ታስሮ ካገኛችሁት ሳይሠራ ሰው ጭናችሁ ቁልቁለት አትውረዱ።